«በጣም ቆንጆ ነው» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር። ዋና ዋናውን ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብሊን ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ከማያቸው ሰዎች አንዷ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ይጠፋቸዋል። ቁርስ በልተው ገና ሳህኑ ሳይነሳ «ቁርስ የለም ወይ?» ይላሉ። ግጥም ግን አይረሱም። በልጅነታቸው የሸመደዱትን እስከ ዛሬ ይወጡታል። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። ልጃቸው የራሷን የትምህርት ቤት የግጥም መጽሐፍ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ዳር ዳሩ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ነው። የመጀመሪያ ቀን የገጣሚውን ስም «ዪትስ» ብዬ ስጠራ እናትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። ለካ «ዬትስ» ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ሌላው ገጣሚ ደግሞ «ኪትስ» ነው አሉኝ። ይሄ ቋንቋ ምን ዓይነት ነው?

አነባለሁ፤ አይገባኝም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲያልቅ «ቆንጆ አይደል?» ይሉኛል። «በጣም!» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የእንግሊዝኛ ግጥም የማውቀው ለፈተና ነው፤ «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አሁን ደግሞ ልጃቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ በእናቷ ልደት ቤተሰቡ ፊት አንድ ግጥም እንዳነብ ለመነችኝ። እምቢ ልበል? ያሳደገችኝ አያቴ ሰሜን ሸዋ ገጠር ዳዊት ስትደግም ነው የኖረችው፣ ግጥምና ዜማ ጠልቼ አይደለም። እንግሊዝኛው ነው የከበደኝ።

አስመሳይዋ፣ ከደብሊን»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስምሽን ቀይሪ። አስመሳይ አይደለሽም፤ ማንም ያላስተማረሽን ነገር በየሳምንቱ ጮክ ብለሽ የምታነቢ ሰው ነሽ። ሁለተኛ፣ እምቢ አትበይ። ሦስት ሳምንት ይበቃል። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ አያትሽ ላንሳ።

አያትሽ ዳዊት ሲደግሙ ግዕዙ ቃል በቃል ይገባቸው ነበር? የብዙዎቻችን አያቶች አይገባቸውም ነበር። ሆኖም አንድ ቃል ብትዘልይባቸው ወዲያው ይነቁብሻል። የት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ የት ላይ እንደሚተነፍሱ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዳቸውም «መጀመሪያ ትርጉሙ ይግባኝና ከዚያ እወደዋለሁ» ብለው አያውቁም። ጆሯቸው ቀድሞ ወደደው። ትርጉሙ በኋላ፣ ቀስ እያለ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ። የአንቺ አዛውንትም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንቺ ግን እዚያ ተቀምጠሽ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየፈለግሽ ነው።

በዚህ አልፈርድብሽም። እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የዎርድስዎርዝን የዳፎዲል ግጥም ስድስት ዓመት ሳስተምር አንድም ዳፎዲል በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ተማሪ ሲጠይቀኝ «አደይ አበባ በሉት» እል ነበር። አሁን ሳስበው በጣም አልተሳሳትኩም። ቢጫ ነው፣ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ ሜዳውን ይሞላዋል። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ መጋቢት ላይ እዚያው ሰፈርሽ መናፈሻ ውስጥ ታይዋለሽ።

ለልደቱ የምመርጥልሽ የዬትስን «የኢኒስፍሪ ደሴት» ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ ካጣሽው ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ይገኛል። አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው። አራት አራት መስመር ያላቸው ሦስት አንጓዎች። ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ለእያንዳንዱ አንጓ አንድ ሳምንት።

ወሬው አጭር ነው። ዬትስ የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነው፤ ዘመኑ 1888 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ የሚኖረው ለንደን ነው። አገሩ ናፍቆታል። ፍሊት ስትሪት በሚባለው ጎዳና ሲሄድ የውሃ ኳኳታ ይሰማል። ዞር ሲል አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ትንሽ ፏፏቴ አለች፤ ወደ ላይ በሚረጨው ውሃ ጫፍ ላይ ትንሽ ኳስ ሚዛኗን ጠብቃ ትደንሳለች። ለማስታወቂያ መሆን አለበት። ያቺ የሱቅ ውሃ አይርላንድ ውስጥ ስላይጎ አጠገብ ያለውን፣ የኢኒስፍሪ ደሴት የምትገኝበትን የሎክ ጊል ሐይቅ አስታወሰችው። ግጥሙ ከዚያ መጣ። በስደት አገር፣ አስፋልት ላይ ቆመሽ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ ወይም የቡና ሽታ ድንገት አገር ቤት ወስዳሽ አታውቅም? እንግዲህ ይሄው ነው። ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም።

አሁን ደግሞ ውስጡን እይው። ምን እሠራለሁ ይላል? ደሴቷ ላይ ትንሽ ጎጆ እሠራለሁ፤ ከጭቃና ከተማገረ እንጨት። ዘጠኝ መስመር ባቄላ እተክላለሁ። አንድ የንብ ቀፎ ይኖረኛል። ብቻዬን እኖራለሁ።

እህቴ፣ ይሄ የማን ቤት ነው? በልደቱ ላይ ከሚቀመጡት ሰዎች ውስጥ ጭቃ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖራል ብለሽ ነው? አንቺ ታውቂዋለሽ። ጭዱ ጭቃው ውስጥ በእግር ሲቦካ አይተሻል። እንጨቱ ሲማገር፣ ግድግዳው ሲመረግ፣ እርጥብ ጭቃው ለቀናት ሲሸት አይተሻል። ዬትስ ራሱ አንድም ቀን አልመረገም፤ ደሴቷ ላይም አልኖረም። በነገራችን ላይ አያትሽ ዘጠኝ መስመር ባቄላ ብለሽ ብትነግሪያቸው «ይሄ ልጅ በምን ሊኖር ነው?» የሚሉ ይመስለኛል። ለአንድ ሰው እንኳ ክረምቱን አያሻግርም። ገበሬ አልነበረም፤ ናፋቂ ነበር።

የመጀመሪያውን መስመር ደግሞ ስሚው፦ «አይ ዊል አራይዝ ኤንድ ጎ ናው»። ተነሥቼ አሁን እሄዳለሁ። የት ሰማሽው? የጠፋው ልጅ ታሪክ ላይ። ሉቃስ ምዕራፍ 15፣ «ተነሥቼም ወደ አባቴ እሄዳለሁ»። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም በእነዚሁ ቃላት ነው የሚለው። ስለዚህ ዬትስ «እሄዳለሁ» ሲል ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ የራበው፣ መመለስ የፈለገ ልጅ ድምፅ አብሮ ይመጣል። አዛውንቷ ይህን በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን ስለሚያውቁት ሳያስቡት ይሰማቸዋል። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ነው ያልነቃሽው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልብሽን ይሞላዋል። በመጨረሻው አንጓ ላይ «ፔቭመንትስ ግሬይ» የሚል ታገኛለሽ። በትምህርት ቤት ሰዋስው «ግሬይ ፔቭመንትስ» መሆን ነበረበት። አንቺ እንግሊዝኛዬ ነው የተምታታብኝ ብለሽ ይሆናል። አይደለም። ቤት እንዲመታለት ገልብጦት ነው። ዬትስ ራሱ ካረጀ በኋላ ይህንን ግልበጣና ያንን «አራይዝ ኤንድ ጎ» የሚለውን አሮጌ አነጋገር አልወደደውም፤ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ አላደርገውም ነበር ብሏል። እኔ ግን እንኳን ቀድሞ ጻፈው እላለሁ። መጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ጉልበት ከዚያው ከአሮጌው አነጋገር የመጣ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ግጥም ሲያነብ የሚበላሸው በአክሰንቱ አይደለም። አማርኛ ለእያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን እኩል ይሰጣል። እንግሊዝኛ አድሏዊ ነው፤ አንዱን ይጫነዋል፣ ሌላውን ይውጠዋል። እኩል አድርገሽ ካነበብሽው ከበሮው ይጠፋል። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊና የተጫነው ላይ ብቻ ምቺ፦ አይ ዊል፣ አ-ራይዝ፣ ኤንድ ጎ ናው፤ ኤንድ ጎ፣ ቱ ኢን፣ ኒስ-ፍሪ። «ዊል» ላይ፣ «ራይዝ» ላይ፣ «ጎ» ላይ፤ ቀጥሎ «ጎ»፣ «ኢን»፣ «ፍሪ»። ስድስት ምት ነው። ሳህን ስታጥቢ ምቺው። አውቶቡስ ላይ በሆድሽ ምቺው። በየአንጓው አራተኛው መስመር ላይ ስትደርሺ አጭር ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ አራት ምት ብቻ። ያ ማረፊያሽ ነው፤ እዚያ ላይ አትሩጪ።

የመጨረሻዋ መስመር የብቻዋ ነች። ውሃው በመንገድ ላይ ቆሜም ቢሆን ይሰማኛል ይልና የት እንደሚሰማው ሲናገር «ዲፕ ሃርትስ ኮር» ይላል። የልብ ጥልቅ፣ እምብርቱ ውስጥ። ሦስቱም ቃላት ተጭነው ነው የሚወጡት፣ በመሃላቸው የሚዋጥ የለም። ስለዚህ ፍጥነትሽ ሳትፈልጊ ይቀንሳል። ዲፕ። ሃርትስ። ኮር። እንደ ደወል ሦስት ጊዜ።

ዬትስ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት በ1930ዎቹ ይህን ግጥም ለቢቢሲ ሬዲዮ አንብቦታል፤ ቅጂው ኢንተርኔት ላይ አለ። ስሚው። መጀመሪያ ትስቂያለሽ። ቅኔ ማኅሌት የገባ ይመስላል፤ ይጎትተዋል፣ ያዜመዋል። ከማንበቡ በፊት ያስጠነቅቃል፤ እነዚህን በግጥም ለማስቀመጥ የሰይጣን መከራ አይቻለሁና እንደ ተራ ጽሑፍ አላነባቸውም ዓይነት ነገር ይላል። ደብተራ ቢሰማው የሚገባው ንግግር ነው።

ስለ መጽሐፉ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ልጅቷ አምሳ ዓመት ካለፋት «ሳውንዲንግስ» የሚባለው ሊሆን ይችላል። አይርላንድ ውስጥ በ1969 ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የወጣ ነው። ሽፋኑ ላይ «ጊዜያዊ» ይላል። ጊዜያዊው መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያስተምር ኖረ። ጊዜያዊ የሚባል ነገር ለካ እዚያም እንደኛው ነው! በ2010 እንደገና ሲታተም እነዚያው በፈተና የተማረሩት ሰዎች ናቸው በናፍቆት የገዙት። እና ዳር ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ የፈተና መልስ ነው። አታንብቢው። እሷም በጊዜዋ እንዳንቺው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ስትፈልግ ነበር።

ከመጽሐፉ ውስጥ ሚልተን የሚባለውን የድሮ እንግሊዛዊ ገጣሚ ለጊዜው ዝለይው፤ ረጅም ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ትንፋሽ ያልቃል። ዎርድስዎርዝን አንብቢላቸው፣ ቀላል ነው። ያ የዳፎዲል ግጥሙ፣ መጽሐፉ ውስጥ ባይኖር ኢንተርኔት ላይ ታገኚዋለሽ፣ «እንደ ደመና ብቻዬን ስዞር» ብሎ ይጀምራል። ብቻውን ግን አልነበረም። እህቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች፤ ኤፕሪል 15 ቀን 1802 አበቦቹን እንዴት እንዳዩዋቸው በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። እሱ የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በግጥሙ ውስጥ ምርጥ የሚባሉትን ሁለት መስመሮች፣ ስለ ውስጥ ዓይን የሚሉትን፣ የሰጠችው ደግሞ ሚስቱ ናት። ብቻዬን ይላል እንጂ ቤተሰብ ነው የሠራው። ይህን ለአዛውንቷ ስትነግሪያቸው የሚስቁ ይመስለኛል።

ሌላ ስንቅ ልስጥሽ። ኮልሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ «ኩብላ ካን» የሚል ግጥም አለው። በ1797 ኦፒየም ወስዶ በእንቅልፍ ልቡ አየሁት ይላል። ነቅቶ መጻፍ ሲጀምር እንግዳ መጥቶ አቋረጠውና ሳይጨርሰው ቀረ። እንግዳ የት አይመጣም! በዚያ ግጥም መጨረሻ አካባቢ አንዲት ልጅ ትታያለች። ዳልሲመር የሚባል ባለ ክር መሣሪያ ይዛ ስለ አንድ ተራራ ትዘፍናለች። ልጅቷ ማን ናት? «አቢሲኒያን ሜይድ»። ሐበሻ ናት! ተራራው በታተመው ግጥም ላይ «አቦራ» ይባላል፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ ባለው የእጅ ጽሑፉ ላይ ግን «አማራ» ነው። ከእሱ መቶ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ሚልተን የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበት ተራራ ብሎ ይህንኑ ስም ጠርቷል። ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት ተራራ የቱ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርም፤ አምባ ግሸንን ታውቂያለሽ። ሁለቱም አገራችንን አላዩም፤ ከመንገደኞች መጽሐፍ ያነበቡትን ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ያንን ክፍል አንብቢላቸውና «ይህቺ ልጅ የአገሬ ልጅ ናት» በያቸው። ያን ቀን አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።

አሁን ስለ «በጣም!»። ተይው። ሲጠይቁሽ «ይቺ መስመር አልገባችኝም፣ ምን ማለት ነው?» በይ። አስቢው፤ ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ የሚነገራቸው «መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ቁርስ በልተሻል፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» ነው። ሁሉም ከእሳቸው የተሻለ ያውቃል። አንቺ ስትጠይቂያቸው ግን የሚያውቁት እሳቸው ይሆናሉ። ሌላም ዘዴ አለ። ስታነቢ ቤት የምትመታዋን የመጨረሻ ቃል አትጨርሻት። ዝም በይ። እሳቸው ይጨርሱታል። ቤት የሚመታ ግጥም ለዚህ ያመቻል፤ ጆሮ ቀድሞ ያውቀዋል።

ለልደቱ ወረቀት ኪስሽ ውስጥ ይኑር እንጂ በቃልሽ ያዢው። ከወረቀት የሚያነብ ሰው ዓይኑ ይሮጣል። ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሪ፤ አያትሽ ቤት በጭቃ የተመረገ እንደነበር፣ ቀፎው የት እንደተሰቀለ። ቀፎ ከሌላችሁ ጎረቤት ያለውን። ማብራሪያ አይደለም፣ ለወሬ ያህል። ከዚያ ጀምሪ። መሃል ላይ ቢጠፋብሽ አትደንግጪ፤ አይርላንድ ነው ያለሽው፣ ከመሃላቸው ግጥሙን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም።

አንድ ግጥም ግን በልደቱ ላይ አታንብቢ። ለሁለታችሁ ብቻ አስቀምጪው። ፓድሪክ ኮለም የሚባል የአይርላንድ ገጣሚ ስለ አንዲት ቤት አልባ መንገደኛ አሮጊት የጻፈው ነው። ኮለም በ1881 ሎንግፎርድ ውስጥ የተወለደው አባቱ በሚሠራበት የድሆች መጠለያ ነው፤ ያውቃቸዋል። ያንቺ አዛውንት ዕድሜ ላይ ያሉ ብዙ አይሪሾች ትምህርት ቤት ሸምድደውታል። አሮጊቷ የምትመኘው ትንሽ ቤት ነው። ምድጃና በርጩማ። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ ተርፍ፤ ከረግረግ ተቆፍሮ የሚደርቅ ማገዶ ነው፣ እንደኛ ኩበት በይው። የሚንቀጨቀጭ የግድግዳ ሰዓት። መደርደሪያ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊና ነጠብጣብ ሳህኖች፤ እናቶቻችን ብፌ ላይ እንደሚደረድሩት። ቤቱን ስጠርግ፣ ሳህኖቹን አውርጄ መልሼ ስደረድር እውላለሁ ትላለች። ማታ አልጋዬን አውቄ እሳት ዳር እቀመጣለሁ። ይኸው ነው ምኞቷ። የሰው ቤት እየጠረገች የምትኖር ሴት ይህን ግጥም ስታነብ ምን እንደሚሰማት እኔ አልነግርሽም። ድምፅሽ ቢሰበርም እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማሽ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስትጨርሺ በእናታቸው ቤት የነበረው ሰዓት ምን ዓይነት እንደነበር ጠይቂያቸው። ማክሰኞን ቢረሱም ያንን የሚያስታውሱ ይመስለኛል።

ከልደቱ በኋላ ጻፊልኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ማን እንደጨረሳቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።